ወይዘሮ ወርቅውሃ ያስጨመሩት መስመር

ሁለት የፊልም ድርጅቶች ሲዋሃዱ የቆዩ ውሎችን የማጣራት ሥራ ለሕግ ባለሙያዋ ለሰገነት ተሰጣት። ቢሮዋ መገናኛ ነው። አዲሱ ድርጅት አርባ አንድ ፊልሞችን በአንድ ላይ ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሊያስተላልፍ ስለነበር፣ የእያንዳንዱ የማከፋፈል መብት የማን እንደሆነ መታወቅ ነበረበት። በሦስተኛው ቀን የአባቷን ውል አገኘች።

አባቷ አቶ ሣህሌ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አንድ ፊልም ጽፈው፣ እዚያው በሚኖሩበት በእንጦጦ ማርያም አካባቢ ቀርጸው፣ መብቱን የሚያውቁት ሰው ይመራው ለነበረው ለአንደኛው ድርጅት ሰጡ። ፊልሙ ሦስት ሳምንት ታይቶ መደርደሪያ ላይ ቀረ። አንዴ ለማኅበራቸው ሰዎች ላሳይ ብለው ጠይቀው ተከልክለዋል፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን አንስተው አያውቁም።

ከውሉ ግርጌ ግን በእስክሪብቶ የተጨመረ፣ ሁለቱም ወገኖች የፈረሙበት መስመር ነበር፦ «ድርጅቱ ከሌላ ጋር ቢቀላቀል ወይም ቢሸጥ መብቱ ወደ ደራሲው ይመለሳል።»

ሰገነት ጨነቃት። ዝም ብትል ማንም አያየውም። ለአባቷ ሹክ ብትል ደግሞ የሥራዋን አደራ መብላት ነው። በመጨረሻ ለአለቃዋ ለግሩም አሳየችው፤ ዝምድናዋንም ነገረችው። ግሩም አልተቆጣም። መስመሩን ደጋግሞ አነበበና፣ አባቷ አዲስ ስምምነት ቢፈርሙ ነገሩ እንደሚያልቅ ነግሯት ደብዳቤ ሰጣት።

ቅዳሜ ዳገቱን ወጥታ ቤት ደረሰች። አባቷ የቴሌቪዥኑን ወሬ ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ሊፈርሙ መነጽራቸውን መፈለግ ጀመሩ። መስመሩን ስታነብላቸው ግን ቆም አሉ።

«ይህን እኔ አይደለሁም» አሉ። «እናትሽ ናት ያስጨመረችው።»

እናቷ ወይዘሮ ወርቅውሃ እዚያው ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። በፊርማው ዕለት ከባላቸው ጋር ሄደው፣ ይህ ካልገባ አይፈረምም ብለው ድርቅ አሉ። አቶ ሣህሌም በሰው ፊት አሳፈርሽኝ ብለው አኩርፈዋቸው ከረሙ።

«የሰጠኸው ለምታውቀው ሰው ነበር» አሉ ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ ቀና ሳይሉ። «እሱ ከሄደ ከማን ጋር ትነጋገራለህ ብዬ ነው።»

 አቶ ሣህሌ ያን ጊዜ ያጠፉት እሳቸው እንደነበሩ ተናገሩ። ሰገነት አባቷ እናቷን ይቅርታ ሲጠይቁ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ለድርጅቱም መልስ ጻፉ፦ ለሁለት ዓመት ማሳየት ይቻላል፤ መብቱ ግን ከእኔ አይወጣም። ድርጅቱ አልተቀበለም፤ ፊልሙን ከዝርዝሩ አወጣው። የቀሩት አርባ ፊልሞች በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምሩ ሰገነት ከፋት። አገር ሁሉ ሊያየው የሚችለውን ፊልም እሷ ያስቀረችው መሰላት። አባቷ ግን ዋናው ቅጂ እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ተመለሰላቸው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወሰን ሰፈር ባለ አንድ አዳራሽ አሳዩት። ስልሳ ሰው ያህል መጣ። ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ሰዉ ግን ጠበቀ። ወይዘሮ ወርቅውሃ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ያኔ በኩርፊያው ምክንያት ምረቃው ላይ ስላልተገኙ ፊልሙን ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው። ሲያልቅ ባላቸው እንዴት እንዳገኙት ጠየቋቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ። «መጨረሻ ላይ ሰውየው ቁልቁለቱን ሲወርድ ግን በዛ።»

አቶ ሣህሌ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስቡበት ሰነበቱ። ከዚያ አንድ ኤዲተር ዘንድ ሄደው አራት ደቂቃ አስቆረጡ። ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለጋቸውም።