ቢጫው በር

እዚህ ካንሳስ፣ በእኛ መንደር የስንዴ መውቂያው ማሽን አንድ ነው፤ ከቤት ቤት በተራ ይዞራል። ተረኛው ቤት ወቂዎቹን ያበላል። በዚያ አገሩ ጀርመንን በወጋበት በጋ፣ ሐሙስ የእኛ ተራ ነበር። እማዬ ከማለዳ ጀምራ ዳቦ ጋገረች፣ የአሳማ ሥጋ ቀቀለች፤ ጠረጴዛውንም ግቢ አወጣነው።

ማሽኑ እያጓራ መጣና ደጃችንን አልፎ ሄደ።

ለነገሩ ጎረቤቶቻችን በራችን ላይ ቢጫ ቀለም ከደፉበት ሰንብተዋል፤ «የፈሪ ቤት» ማለታቸው ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ጠመንጃ አያነሳም፣ የወታደር ልብስም አይለብስም። ወንድሜን ፔተርን ለውትድርና በግዳጅ ወሰዱት። ልብሱን አልነካም ስላለ ታስሮ ይደበደብ ነበር።

«በይ ምግቡን ጋሪው ላይ ጫኚው» አለችኝ እማዬ።

«ለማን ብለሽ?»

«ለወቂዎቹ ነዋ! ሲሠሩ ውለው አይርባቸውም?»

«አብደሻል እንዴ እማዬ!»

እያጉረመረምኩ ጫንኩ። በማሽኑ ባለቤት በቦስትዊክ ማሳ ላይ አገኘናቸው። ዓይናቸውን በጨው አጥበው በሉ! ቦስትዊክ ጢሙን ጠረገና፣

«እጅሽ ይባረክ እትዬ ሣራ። ለልጅሽ ልብሱን ልበስ ብለሽ ላኪበት፤ የለበሰ ዕለት ማሽኑ ደጅሽ ነው» አላት።

የፔተር እኩያ የሆነው ልጁ ሃዋርድ አጠገቡ ተቀምጦ አጥንት ይግጣል።

«ያንተስ ልጅ ምነው አልዘመተ?» አልኩት።

«መልማዮቹ፣ ያለ እሱ እርሻው አይሆንም ብለው ነው።»

አንደኛው መልማይ የሚስቱ ወንድም ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም።

«የእኛስ እርሻ ያለ ፔተር ይሆናል?» አለች እማዬ፣ ቀስ ብላ።

ቦስትዊክ ተነሥቶ ወደ ማሽኑ ሄደ። ሳህኖቻችንን ሰብስበን ተመለስን።

ከዚያ ዝናቡ ጣለ። ነዶው እንደተከመረ በቀለ፤ የዓመት ልፋታችን የአሳማ መኖ ሆነ።

ፔተር ጦርነቱ ካበቃ በኋላ መጣ። የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ ልብሱን ግን አልለበሰም።

በቀጣዩ አጨዳ ቦስትዊክ ኮፍያውን ይዞ በራችን ላይ ቆመ።

«ሃዋርድ እርሻ ሰለቸኝ ብሎ ከተማ ገባ፤ ሰው አጠረኝ። ያለፈው አለፈ፣ ፔተር መጥቶ ያግዘኝ።»

ወይ ጉድ! ያንን ቢጫ በር ፊቱ ላይ ድርግም አድርጌ ዘጋሁበት።

እማዬ ተነሥታ ከፈተችው። «ግባ ቦስትዊክ፣ ምሳ ደርሷል» አለችው። ፔተርም ወንበር ሳበለት።

እሷ እሱን ይቅር አለች። እኔ ግን እሷን፣ አፈር ከለበሰችም በኋላ፣ ይቅር አላልኳትም።