የቆይማ አዲስ ሞተር

«ሸፍኑት! ሸፍኑት እንጂ፣ ሰው እየገባ ነው!»

ጎረቤቷ ነርስ የአልጋ ልብስ ታቅፋ ከቤት ወደ ግቢው በረረች። በያጁ ግቢው ውስጥ ከቆመችው መኪና ሆድ ስር እሳት እንደነካው ሰው ሲወጣ ግንባሩን ከመከላከያው ጋር አላተመ። የአልጋ ልብሱ በተከፈተው ሞተር ላይ ተጣለ። በያጁም ወንበር ስቦ ተቀመጠና በግሪስ የተለወሱ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ አንገቱን ደፋ። ለለቅሶ የገቡት የሩቅ ዘመዶች ያዩት ግንባሩ ያበጠ፣ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ወዳጅ ነበር።

«ይሄስ አንጀቱ ተቃጥሏል» አሉ አንዲት እናት፣ አልፈውት ሲሄዱ።

ልብስ ሰፊዋ ከተቀመጠችበት ይህን ሰማች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሳቅ ሲመጣባት ይህ የመጀመሪያው ነው። ፊቷን በሻሿ ሸፍና ትከሻዋ ቢንቀጠቀጥ ሴቶቹ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ ከበቧት፤ ያ ደግሞ ጭራሽ አባሰባት።

ሟቹን ሰፈሩ «ቆይማ» ነበር የሚለው። መካኒክ ነው። ሰው መኪናውን አምጥቶ ብሶቱን ሲጀምር «ቆይማ» ብሎ እጁን ያነሳና ጆሮውን ወደ ሞተሩ ያዘነብላል። በሰርጋቸው ዕለት እንኳ የሙሽሮቹ መኪና ገና ስትንቀሳቀስ «ቆይማ» ብሎ ወርዶ ኮፈኗን ከፍቷል። ሙሽራዋ ብቻዋን ተቀምጣ፣ ሙሽራው ደግሞ ከወገቡ በታች ብቻ እየታየ የተነሱት ፎቶ ዛሬም ሳሎን ተሰቅሏል።

ግቢውን ሞልታ የቆመችው የመኝታ መኪና የእሱ እኩያ ናት። ክብ ፊት አላት፤ ላይዋ ነጭ፣ ታችዋ አረንጓዴ ነው። ውስጧ አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና የሚታጠፍ ጠረጴዛ ይዛለች፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ከአልጋው ስር ነው። ባልና ሚስቱ በየዕረፍቱ በእሷ ይዞሩ ነበር፤ መዞር ከተባለ። የድሮው የቤንዚን ሞተር ዳገት ባየ ቁጥር ወገቤን ይላል። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ክብደት ለመቀነስ ወርዳ በእግሯ ትወጣለች። ብዙውን ጊዜ ቀድማ ትደርስና ዳገቱ ጫፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ባሏን ትጠብቀዋለች። አንድ ቀን ታዲያ እግሯ ቆስሎ «እንግዲህ ወይ እኔን ወይ ይቺን ሞተር!» አለችው። ቆይማ ብዙም ሳይቆይ ከተጋጨ የዕቃ ማመላለሻ መኪና የወጣ፣ ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ይዞ መጣ።

አሁን እንቅልፍ የሚነሳትም ይኸው ንግግሯ ነው።

የሟች ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ገና ከቀብር እንደተመለሱ ነበር የተናገሩት።

«ሐዘኑ እንዳበቃ ቁርጥራጭ ብረት ገዢው መጥቶ ይወስዳታል። ነግሬዋለሁ።»

«ለምን ጋሼ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ወንድሜን የበላች ብረት ናት! ያን ሞተር ሲታገል ባይከርም ኖሮ ዛሬ አጠገቤ ነበር። ባየኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል፣ ልጄ።»

ሐኪሙ የቆይማ ልብ ከድሮም ታማሚ እንደነበር፣ ሞተር ቢያነሳም ጋዜጣ ቢያነብም ሞቱ እንደማይቀር ለሁሉም አስረድቷል። ለጋሼ ግን ማን ይንገራቸው? እሷስ ብትሆን፣ ሰው ሲበተን «እኔ ይሆን እንዴ ያስገደልኩት?» ማለቷ መቼ ቀረ? መኪናዋ እንደ ቆመች ለቁርጥራጭ ከተጫነች የቆይማ የመጨረሻ ሥራ የገደለው ነገር ሆኖ ይቀራል። ከሄደች ግን የሠራው ነገር ትሆናለች። ለእሷ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነበር።

«በራሷ ሞተር ከበሩ ከወጣችስ?» አለቻቸው።

ጋሼ ገመዶች እንደ አንጀት የተንጠለጠሉባትን መኪና አዩ። «ከወጣችማ ሌላ ነገር ነው» አሉ፣ እንደማትወጣ እርግጠኛ ሆነው።

በዚያው ዕለት በያጁ ሊያስተዛዝን ቁጭ ባለበት ዓይኑ አንድ ያልጠበቀ ብሎን ላይ አረፈ። ለቅሶውን ያዝ አድርጎ አጠበቀው። በማግስቱ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሻይውን እንደያዘ አንድ ገመድ አገናኘ። ከዚያ በኋላ ልጓም አልተገኘለትም፤ የከተማው መካኒክ ሁሉ ጥቁር ለብሶ፣ ኪሱ በመፍቻ አብጦ ይመጣ ጀመር። እንዳይንኳኳ ብለው መፍቻውን በጨርቅ ይጠቀልሉታል። ነርሷ በር ላይ ሆና ሰው ሲመጣ ትስላለች። እንዲህ ያለ ሳል ሰምተው የማያውቁ አንድ ሽማግሌ ሐኪም እንድታይ መክረዋታል።

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የአልጋውን ፍራሽ ልብስ ልትለካ ገባች። አዲሱ ሞተር ከድሮው ይረዝማል፤ ቆይማ ቦታ ለማግኘት የአልጋውን ወለል ቆርጦ ወደ ላይ አንስቶታል። ግን ሁሉንም አላነሳውም። ሞተሩን ጥጉን አስይዞ፣ ጉብታውን በአንድ በኩል ብቻ አድርጎታል። በዚያ በኩል የሚተኛ ሰው እግሩን ዘርግቶ አያድርም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆይማ ሜትር ይዞ ልብስ መስፊያዋ ክፍል ብቅ ብሎ «አንቺ በየት በኩል ነው የምትተኚው?» ብሏት ነበር።

«ይሄን ሁሉ ዓመት አብረኸኝ ተኝተህ አታውቅም?»

«ቆይማ፣ ላረጋግጥ ብዬ ነው።»

«በቀኝ!»

ጉብታው በግራ ነው። ልብስ ሰፊዋ በግራ በኩል ተጋደመችና ጉልበቷን አጥፋ፣ የእሱን ቦታ ሞከረችው። የማይመች ነው፤ እንዴት ያለ የማይመች ቦታ! አለቀሰች፤ ሳቀችም፤ ከዚያ ፍራሹን ለካች።

ጋሼ ነገሩን የደረሱበት በራሳቸው ነው። ከመኪናዋ ስር አራት እግሮች ወጥተው አዩ፤ ሁለቱ የበያጁ፣ ሁለቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው። ነርሷ ሳሏን ለቀቀችው፤ ረፍዷል። ጋሼ ኮታቸውን እንደለበሱ ጎንበስ አሉ።

«ምንድን ነው የምታደርጉት?»

አራቱ እግሮች ወደ ስር ተሰበሰቡ።

«ለቅሶ ቤት ነው ይሄ! አይ፣ እንዲህ ነው መብራት የሚያዘው? ለራስህ ጥላ እየሠራህ እኮ ነው። ወዲህ በለው!» መብራቱን ነጠቁና በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። «ልጅ ሆነን የአባታችንን ሬዲዮ ሲፈታ መብራት ያዥ እኔ ነበርኩ። ሁለታችንም ተገረፍን። እሱ እየተገረፈ እንኳ ‹ቆይማ አባዬ፣ አንድ ብሎን ነው የቀረኝ› ይል ነበር።» ድምፃቸው ተሰበረ፤ መብራቱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ሐዘኑ የሚያበቃበት ቀን ግቢው በሰው ሞላ። ብረት ገዢውም መኪናውን ውጭ አቁሞ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። የመኪናዋ ፊት ወደ ቤቱ ነው፤ ጀርባዋ ወደ በሩ። በያጁ ቁልፉን ለልብስ ሰፊዋ አቀበላት። ሌላ ሰው ይንዳ ያለ አልነበረም፤ ዳገት ላይ ካልወረደች በቀር ነጂዋ ሁልጊዜ እሷ ናት። ቆይማ «አንቺ ንጂ፣ እኔ ልስማት» እያለ ከጎኗ ነበር የሚቀመጠው።

ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አንዴ ጎርነን ብሎ ጠፋ። ደግማ አዞረች፤ ተነሳ! የድሮው እንደ ወፍጮ ይንገጫገጭ ነበር፤ ይሄ ግን እንደጠገበ ድመት ያንኮራፋል። ሰው አጨበጨበና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት አቆመ።

ልብስ ሰፊዋ ፍሪሲዮን ረግጣ የኋላ ማርሽ አስገባች፤ ቀስ ብላ ለቀቀች። መኪናዋ ወደፊት ሄደች።

«ኧረ! ኧረ ሻዩን!» ለቀስተኛው ወንበሩን እየጣለ ተበተነ። ልብስ ሰፊዋ ፍሬን ረገጠች። የሻይ ጠረጴዛው ለጥቂት ተረፈ፤ በማግስቱም ሲወራና ሲሳቅበት ዋለ።

በያጁ ስር ገብቶ ቆየ። ሲወጣ በሳቅ መናገር አቅቶት ሆዱን ይዟል።

«ካምቢዮውን... አዲሱ ሞተር እንዳይሰብረው ብሎ የሌላ ሞዴል ነው ያስገባው። የዚያኛው ውስጡ በተቃራኒ ነው የሚዞረው፤ ተፈትቶ መገልበጥ ነበረበት። ረስቶታል! አንድ ማርሽ ወደፊት፣ አራት ማርሽ ወደ ኋላ!»

«ቆይማ? ቆይማ ረሳ?» አሉ ጋሼ። ከዚያ ሳቁ። ኮታቸውን ይዘው፣ መኪናዋን ተደግፈው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ሳቁ። ግቢው ሁሉ ተከተላቸው። «ያላንተ ማን እንዲህ ይሠራል!» አሉ ወደ ሰማይ። ቀጥለውም ወደ ብረት ገዢው ዞረው «አንተ፣ መኪናህን ከበሩ ላይ አንሳ! ልትወጣ ነው!» ብለው ጮኹ።

ልብስ ሰፊዋ አንደኛ ማርሽ አስገባች። መኪናዋ ቀጥ ብላ ወደ ኋላ፣ በበሩ ወጣች። ሁለተኛ አስገባች። ከግቢው በላይ ያለው መንገድ ዳገት ነው፤ መኪናዋ ምንም ሳታቃስት በጀርባዋ ወጣችው። ሰው እየሮጠ፣ እየሳቀ፣ እያጨበጨበ ተከተላት፤ ነርሷም ከሁሉም ፊት «ነይ! ነይ! ወደ ቀኝ!» ትላለች።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ኋላ የሚነዳ ሰው እንደሚያደርገው ተጠማዝዛ፣ በግራ እጇ መሪውን ይዛ፣ ቀኝ ክንዷን ከጎኗ ባለው ወንበር መደገፊያ ላይ ዘርግታ ነበር። ዳገቱ ጫፍ ስትደርስ ፍሬኑን ያዘች። ሞተሩ በእርጋታ ይሠራል። ሰዎቹ ገና እያለከለኩ በመውጣት ላይ ነበሩ።

ፊቷን ወደፊት መለሰች። ክንዷን ግን አላነሳችም። ባዶውን ወንበር እንዳቀፈች፣ ትከሻው የሚሆንበትን ቦታ በጣቶቿ ቀስ አድርጋ መታ መታ አደረገችው።