የባነሩ ዓይን

መምህር ወንዳፈረው ዓይናቸው መዳኑን የሰሙት ከሰው ነው።

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ እንደ ልማዳቸው አጥሩን በእጃቸው እየዳበሱ ሲመጡ፣ የሰፈሩ ባለሱቅ አብዱልባሲጥ ብቅ ብሎ «እንኳን ደስ ያለዎት ቲቸር! አልሐምዱሊላህ፣ ዓይንዎ በራልዎት!» አላቸው። ቀልድ መሰላቸውና «አሜን፣ የአንተንም ልብ ያብራልህ» ብለው አለፉ። አለፉ ስል፣ ጥቂት ተራምደው ከቆመ ባጃጅ ጋር ተላተሙ ማለቴ ነው። አብዱልባሲጥ በሌላ ቀን ቢሆን ሮጦ ክንዳቸውን ይይዝ ነበር። የዚያን ቀን ግን ከት ብሎ ሳቀ። «አይ ቲቸር፣ ዛሬ ደግሞ ቀልድ አምጥተዋል!» ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለላ ከገበያ ገብተው ዘንቢሉን እንኳ አላስቀመጡም።

«አንተ ሰውዬ፣ አደባባዩ ላይ ሰቅለውሃል!»

«ምን አጥፍቼ?»

«ፎቶህን ነው እንጂ! ቤት የሚያክል ባነር ላይ፣ ከነኮትህ። ከሥሩ “የጤና መድን ዓይኔን መለሰልኝ” ይላል። ዓይንህም…» ወይዘሮ ወለላ ትንሽ አመነቱ። «ዓይንህም ጥርት ብሏል። የጎረምሳ ዓይን አድርገውልሃል።»

የመምህር ወንዳፈረውን የግራ ዓይን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ለሚያየው ሰው ነጭ ነው። ቀኙም ጉም ለብሷል። ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ አይለዩም፤ ዳዊታቸውን ከዘጉት ቆይተዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሳቸው ዓይን ግን እያደር ይደፈርስ ነበር። የሆስፒታሉ የዓይን ክፍል ነርስ ኛኮንግ፣ የድሮ ተማሪያቸው ናትና፣ ነገሩን ሳታሽሞነሙን ነግራቸዋለች። «ቲቸር፣ የቀዶ ሕክምናው ቡድን በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ግንቦት ላይ ይመጣል። ያኔ ካልተሠራህ፣ በሚቀጥለው ዓመት አንተ በሰው እጅ ነው የምትሄደው።» ኛኮንግ አማርኛን የተማረችው ከእሳቸው ቢሆንም «እርስዎ» የሚባለውን ነገር እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም።

በሰው እጅ መመራት! ዕድሜያቸውን ሙሉ በኢታንግና በጋምቤላ የሰው ልጅ ሲመሩ የኖሩ ሰው ከሞት ይልቅ የሚፈሩት ይህንን ነበር።

ፎቶው የተነሣው በጥር ነው። የመድን ማስተባበሪያው ኃላፊ አቶ በሪሁን፣ ልዑልቃል የሚባለውን ባለካሜራ አስከትሎ ቤታቸው ድረስ መጣ። በሪሁንም የእሳቸው ተማሪ ነበር። በከተማው እሳቸው ያላስተማሩትን ሹም ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እሳቸውም አንዳንዴ ግራ ይገባቸዋል። በሪሁን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ለጓደኛው መልስ ሲያንሾካሽክ ተይዞ ነበር። «የሚያንሾካሽከውም የሚሰማውም ዜሮ! ውጣ!» ብለው ሁለቱንም አስወጥተዋቸዋል። የመምህር ወንዳፈረው ሕግ ይህች አንዲት ሕግ ነበረች፤ ከተማው ሁሉ ያውቃታል።

«ቲቸር» አለ በሪሁን ያን ቀን የኮታቸውን ኮሌታ እያስተካከለ፣ «ከጡረታዎ ለጤና መድኑ ይቆረጥ የለም? እንግዲህ ጊዜው ደረሰ። ፎቶ የተነሣ ጡረተኛ ቅድሚያ ያገኛል።»

ወይዘሮ ወለላ ያኔም አላመኑም። «ለሕይወት መድኑ ብትመዘገብ ይሻልሃል» አሉ ከጓዳ። «እሱ ሪፈር አይጠይቅ፣ ፎቶ አይጠይቅ። መሞት ብቻ ነው።»

እንግዲህ የባነሩን ወሬ የሰሙ ዕለት ባልና ሚስት ተያይዘው የበሪሁን ቢሮ ሄዱ። በሪሁን ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ በአክብሮት አይታማም።

«ቲቸር! ባነሩን አዩት?»

«በምን ዓይኔ?»

በሪሁን ሳቅ አለና ጉዳዩን አስረዳ። ነጭ ዓይን ለባነር አይሆንም፤ ተመልካች ያስደነግጣል። ስለዚህ ልዑልቃል በኮምፒውተር «አጽድቶታል»። ባነሩ ደግሞ ከሪፖርቱ ጋር ተያይዞ ወደ ላይ ሄዷል። የላይኞቹ የጠራ ዓይን ሲያዩ የዳነ ጡረተኛ መሰላቸውና «ግሩም ተሞክሮ ነው» ብለው መለሱ። በሪሁንም ላለማሳፈር «ታክመዋል» ብሎ አስመዘገበ። አሁን ነርስ ኛኮንግ የእሳቸውን ስም ለግንቦቱ ቀዶ ሕክምና ብትልክ፣ ኮምፒውተሩ «ይህ ሰው ድኗል» ብሎ መለሰው።

«ታዲያ አሰርዘው!» አሉ መምህር ወንዳፈረው።

«እንዴት ይሰረዛል? ምስጋና መጥቶበታል እኮ! ምስጋና የመጣበት ነገር አይሰረዝም።»

«ልጄ፣ እኔ አላይም።»

«እሱማ የግል ጉዳይዎ ነው… ማለቴ፣ ሪፖርቱ ላይ አይወጣም ለማለት ነው።»

«በል ተነሥ እንሂድ» አሉ ወይዘሮ ወለላ። «ዓይን ያወጣ ውሸት ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ዓይን የሚያስገባ ውሸት ግን ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለጠላትም አይስጥ። ቀድሞ መምህር ወንዳፈረው ከቤት ሲወጡ ከተማው ሁሉ እጅ ነበረው፤ አንዱ ቦዩን ያሻግራቸዋል፣ ሌላው ባጃጅ ያስቆምላቸዋል። ባነሩ ከተሰቀለ በኋላ ያ ሁሉ እጅ ወደ ኪሱ ገባ። ሰው ከሩቅ ሆኖ እጁን ያውለበልብላቸዋል፤ እሳቸው አያዩምና አይመልሱም። «አየህ፣ ዓይኑ ሲበራለት ሰው ናቀ!» ተባለ በዕድሩ ስብሰባ። አንዲት ጎረቤት መርፌና ክር ይዛ መጥታ «በእግዚአብሔር ጸጋ በበራው ዓይንዎ ይችን ያስገቡልኝ» አለቻቸው። ቦይ ውስጥ ወድቀው ጉልበታቸው የተላጠ ዕለት ደግሞ የሚያነሣቸው ጠፍቶ፣ «ቲቸርም በስተርጅና መጠጥ ጀመሩ?» የሚል ሹክሹክታ ሰሙ። ከጉልበታቸው ይልቅ እሱ አመማቸው። ቤት ገብተው በራቸውን ዘግተው አለቀሱ፤ ለማልቀስ እንኳ ዓይን አለኝ ብለው ተናደዱ።

ግንቦት ሊገባ ሲል በሪሁን ራሱ መጣ። ከላይ ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ነው፤ የዳነውን ጡረተኛ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። በአዳራሹ በዓል ላይ መምህር ወንዳፈረው በሪሁን ጽፎ ያመጣውን ግማሽ ገጽ ንግግር ወረቀቱን ይዘው ያነባሉ፤ ያ ከሆነ በሪሁን ስማቸውን በገዛ እጁ የግንቦቱ ቡድን መዝገብ ራስ ላይ ያሰፍራል።

«እንዴት ነው የማነበው?»

«ማን ያንብቡ አለዎት? በቃልዎ ያጥኑት። እርስዎ አይደሉ ስናስቸግርዎ በቃል ያስጠኑን?»

ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩ። ኩረጃ ነው? አይደለም፣ የቃል ጥናት ነው። ውሸት ነው? ነው፤ ግን የጀመሩት እሳቸው አይደሉም። ዓይን ዓይን ነው፤ ግንቦት ካለፈ ደግሞ አለፈ። ሲነጋ «እሺ፣ አንብቢልኝ» አሏቸው ወይዘሮ ወለላን። ወይዘሮ ወለላም ከአራተኛ ክፍል ያቋረጡ ቢሆኑም ጣታቸውን በፊደሉ ላይ እያስኬዱ አነበቡ።

«“ዛሬ ጠዋት ድልድዩ ላይ ቆሜ የባሮን ዓሣ አንድ በአንድ ቆጠርኩ” ይላል። ኧረ በሞቴ! አንተ ደህና በነበርክበትስ ጊዜ ዓሣ ቆጥረህ ታውቃለህ?»

«ቀጥዪ» አሉ መምህር ወንዳፈረው አፍረው።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ቬንቲሌተሩ ትኩሱን አየር ከወዲህ ወዲያ ያመላልሳል። ኛኮንግ ከነነጭ ጋውኗ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። መምህር ወንዳፈረው መድረኩ ላይ ወጡ፤ ወረቀቱ እንዳይገለበጥባቸው ወይዘሮ ወለላ የላይኛውን ጥግ አጥፈውላቸዋል። ጥጉን በጣታቸው ዳብሰው አረጋገጡና ጀመሩ። አቤት አነባበብ! ነጠላ ሰረዙ ላይ ያርፋሉ፣ አራት ነጥቡ ላይ ቀና ይላሉ። ዓሣው ጋ ሲደርሱ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እንግዳው ልባቸው ተነካ። መልካም ሰው ናቸው፤ ክፋቱ መልካምነታቸው ላይ ነበር። ከመቀመጫቸው ተነሥተው መድረክ ላይ ወጡና ይዘውት የመጡትን ወረቀት በመምህሩ እጅ ላይ አኖሩ።

«መምህር፣ ይህ የእኔ መልእክት ነው። እኔ ከማነበው፣ በዚህ በተመለሰ ዓይንዎ እርስዎ ያንብቡልን!»

መምህር ወንዳፈረው ወረቀቱን ያዙ። ጉም ነው። ወይዘሮ ወለላ ከፊት ወንበር «ኪዳነ ምሕረት!» ሲሉ ተሰማ። በዚህ መሐል ከመድረኩ መጋረጃ ኋላ፣ በቀስታ፣ ጎንበስ ያለ ሰው ድምፅ መጣ፦

«የመንግሥት ሠራተኞችና ጡረተኞች የጤና ዋስትና…»

በሪሁን ነው። ወረቀቱ ቀድሞ ደርሶታል። መምህር ወንዳፈረው መድገም ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። ዓይናቸው ከዚያ ሹክሹክታ ማዶ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል፤ ዳዊታቸው፣ መንገዱ፣ የወለላ መልክ፣ ሁሉም። አፋቸውን ከፈቱ።

«የመንግሥት ሠራተኞችና ጡረ…»

«የጤና ዋስትና» አለ ሹክሹክታው።

እንግዲህ ሰው ከልማዱ የት ይሸሻል? ወረቀቱ ከእጃቸው ወርዶ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ያው የድሮው፣ የክፍሉን መስኮት የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ።

«ማነው ከኋላ የሚያንሾካሽከው? በሪሁን! ተነሥ! ውጣ!»

አቤት ጉድ! አቶ በሪሁን ከመጋረጃው ኋላ ብድግ አለ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በአዳራሹ መሐል አልፎ እስከ በሩ ሄደ። ኃላፊ መሆኑ ትዝ ያለው የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ነው። ከአዳራሹ ግማሹ የእሳቸው ተማሪ ስለነበር ሌላውም ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

«የሚያንሾካሽከውም የሚሰማውም ዜሮ ነው» አሉ መምህር ወንዳፈረው፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ለእኔም ዜሮ ይሰጠኝ። ጌታዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አላይም። ዓይኔን ማንም አልነካውም። የዳነው ባነሩ ነው።»

ኛኮንግ ከኋላ ብቻዋን አጨበጨበች፤ ሌላውም ተከተላት። እንግዳው ፊታቸው ተለዋወጠ። በሪሁንን ከበሩ ጠርተው፣ ጣታቸውን ቀስረው፣ በማይክራፎኑ ተናገሩ፦ «ይህ ስህተት በአስቸኳይ ይታረም! በዚህ ሳምንት! ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ ክቡርነትዎ፣ ይታረማል!»

መምህር ወንዳፈረው ወደ ቤት ሲመለሱ እንደ ልጅ ተደስተው ነበር። ወይዘሮ ወለላ ትከሻቸውን ሳሙና «ዛሬ ባል እንዳገባሁ አወቅሁ» አሏቸው። ይታረማል፤ ትልቅ ሰው በሰው ፊት አዟል።

የቀዶ ሕክምናው ቡድን መጣ። ኛኮንግ ሐኪሞቹን ለመነች፤ እነሱም «ድኗል የተባለ ሰው ላይ ቢላ አናነሣም፤ ከመድኑ ማረጋገጫ ይምጣ» አሉ። መድኑ ዘንድ ብትደውል «የቲቸር ጉዳይ በከፍተኛ ትኩረት እየታረመ ነው» ይሏታል። መምህር ወንዳፈረው በየቀኑ ጠዋት ተጣጥበው፣ ኮታቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጭነው በሄዱ ማግስት ስልካቸው ጮኸ። በሪሁን ነው፤ ድምፁ እፎይ ያለ ሰው ድምፅ ነው።

«ቲቸር፣ ታረመ! ቃሌን ጠበቅሁ። አደባባዩ ጋ ይምጡና ይዩት!»

ወይዘሮ ወለላ ክንዳቸውን ይዘው ወሰዷቸው። ባነሩን የሰቀሉት ሰዎች በመሰላል ሲወርዱ ይሰማል። ወይዘሮ ወለላ ቀና ብለው አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ።

«ምኑን ነው ያረሙት?» አሉ መምህር ወንዳፈረው።

«ዓይንህን» አሉ ወይዘሮ ወለላ ቀስ ብለው። «ነጭ አድርገውታል። አሁን አንተን ይመስላል።»

«ጽሑፉስ?»

«“በቅርቡ የሚታከሙ” ይላል።»

መምህር ወንዳፈረው «ውጣ!» ብለው ሊጮሁ ፈለጉ፤ ግን ማንን እንደሚያስወጡ ጠፋባቸው። ፀሐዩ አናታቸውን እየመታቸው እዚያው ቆሙ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው ከወዲያ ማዶ እየሮጠ መጣና እጃቸውን ያዘ። በድምፁ አወቁት፤ አብዱልባሲጥ ነው።

«ቲቸር፣ በአላህ ይቅር ይበሉኝ። ባነሩን አሁን አየሁት፤ እኔ እኮ የዳኑ መስሎኝ ነው። ይምጡ፣ መንገዱን ላሻግርዎት።»

መምህር ወንዳፈረው እጃቸውን አልነጠቁትም። ተከትለውት ተሻገሩ።