በርሜሏን አታጥፉ

«ይቺን ነገር የሚያጠፋት ሰው ጠፋ?» አለች አክስት፣ የሻይ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጋ።

ከጓዳው በር ጀርባ ግርርር፣ ጓ... ግርርር፣ ጓ... ይላል። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተለቃቀሙ ወንበሮች ተጨናንቋል፤ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። እግዜር ያጽናሽ የሚለው ሁሉ ድምፁን ከፍ ማድረግ ግድ ስለሆነበት፣ ለቀስተኛው ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዘ ይመስል ነበር። ጥግ ላይ የተቀመጠው ጡረተኛ ሹፌር አጠገቡ ወዳሉት ሴትዮ ዘንበል ብሎ፣ «ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነክሶ ቀርቷል» ሲል አንሾካሾከ። ሴትዮዋ ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑት።

«አትጠፋም፣ እቴቴ» አለች የሟች ልጅ፣ ቀና ሳትል።

«ሰው ምን ይላል? አባቷ ሞቶ እሷ ማሽን ታስጮሃለች አይልም?»

«ይበል። ከቆመች ጭቃው ይደርቃል።»

«ይድረቅ! ሰው እንኳን ደርቆ...» አክስት የጀመረችውን ሳትጨርስ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ሟች ወለል አንጣፊና ወልዋይ ነበር። የከተማው ሕዝብ ግማሹ እሱ በወለወለው ወለል ላይ አዳልጦት ወድቋል ይባላል፤ እንዲህ ባዩ ደግሞ ራሱ ነው። ሰፈሩ «ራዲዮ» ይለው ነበር፤ ባትሪው አያልቅ፣ ዜናው አይጣራ። አንድ ሳሎን ወልውሎ ቢጨርስ፣ የቤቱ ድመት መልኳን ወለሉ ላይ አይታ «ጣውንት መጣብኝ» ብላ ጓዟን ጠቅልላ ጎረቤት ገባች ብሎ ምሏል። ድመቷ ጎረቤት መግባቷ ግን እውነት ነው፤ ብዙ ሰው አይቷታል።

ጓዳ ውስጥ የምትጮኸውን በርሜል የሠራት እሱ ነው፣ ከተጣለ የልብስ ማጠቢያ ሞተር። ከባልዲ አትበልጥም፤ ውስጧ ላስቲክ ለብሷል፤ በጎኗ ተኝታ ትሽከረከራለች። ድንጋይ፣ ውሃና ሻካራ ዱቄት ከትቶ ይዘጋታል፤ እሷ ቀን ከሌት ታንከባልላለች። ከዚያ በለዘበ ዱቄት፣ ከዚያም ይበልጥ በለዘበ ይቀይርላታል፤ መጨረሻ ላይ ድንጋዩ ተመጥጦ እንደወጣ ከረሜላ ያበራል። ሕጓ አንድ ነው፦ ከቆመች ወዲያው ተከፍታ መታጠብ አለባት። አለዚያ ጭቃው እንደ ሲሚንቶ ይደርቅና ድንጋዩን አቅፎ ይቀራል።

አሁን ውስጧ የሚዞሩት ተራ ጠጠሮች ናቸው፣ ከአንዱ በቀር። ያ አንዱ ግን ሰው ሁሉ የተነጋገረበት ነው። እንቁላል ያክላል። ጥቁር ሰማያዊ መደቡ ላይ ነጭ ክቦች እርስ በርስ ተቃቅፈውበታል፤ መሃሉን የጉንዳን ሰልፍ የመሰለ ቀይ መስመር ያቋርጠዋል። ይህ ሁሉ የሚታየው ግን ሲረጥብ ብቻ ነው። ሲደርቅ ግራጫ ነው፤ መንገድ ላይ ቢያገኙት በእግር የሚጠልዙት ዓይነት።

ልጅቷ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። አንድ እሑድ አጉሊ መነጽሯን ይዛ መጥታ ስትመረምረው ዋለች። በቢላ ጫረችው፤ ድንጋዩ ምንም አልሆነም። መስታወት ላይ ጎተተችው፤ የተጫረው መስታወቱ ነው። ኮምጣጤ ጠብ አደረገችበት፤ አልፈላም።

«እብነ በረድ አይደለም፣ የኖራ ድንጋይም አይደለም» አለች። «ክቡን ሳየው አጌት የሚሉትን የጌጥ ድንጋይ ይመስላል። ቀዩ ግን ግራ ገባኝ።»

«ግራ ይግባሽ። እኔም ስንት ዘመኔ!» አለ አባቷ በኩራት። ከዚያ ድንጋዩን አንስቶ፣ እንደ ልማዱ፣ በምላሱ ላሰው። «ሲደርቅ እኮ ያኮርፋል» አለ፣ ብቅ ያለውን ቀይ መስመር እያሳየ።

አክስት በዚህ ነገር መሬት ብትሰነጠቅላት ደስ ይላት ነበር። «የሰው ወንድም ሲጋራ ያጨሳል፤ የኔ ወንድም ድንጋይ ይልሳል» እያለች ፊቷን ታዞራለች።

ከየት አመጣኸው ሲሉት መልሱ እንደ ጠያቂው ነው። ለሹፌሩ፣ ከዓሣ ሆድ ወጣ፤ ዓሣው ክብደቱን አልችል ብሎ ከሐይቁ በእግሩ ነው የወጣው አለው። ለአከራዩ፣ በዝናብና በመብረቅ ቀን ከሰማይ ወርዶ የመኪና ጣሪያ በስቶ ባለመኪናውን «ይቅርታ» አለው አለ። ለልጁ ደግሞ በሕፃንነቷ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ አሞራ የጣለው እንቁላል ነው፤ ቀን ሲደርስ ይፈለፈላል ይላት ነበር። ልጅ ሆና ጆሮዋን ለጥፋበት ታዳምጥ ነበር። ካደገች በኋላ ግን ወሬው ሰለቻት።

ድንጋዩን ያን ሁሉ ዘመን በኪሱ ይዞ ዞረ እንጂ በርሜሏ ውስጥ ከትቶት አያውቅም። የከተተው ሐኪም ቤት ሊተኛ በሚሄድበት ጠዋት ነው።

«ምነው ዛሬ?» አለችው ሐኪም ቤት፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ።

«ያላማረ ድንጋይ ከግቢ ጠጠር ጋር ይጠረጋላ» አላት፣ ትንፋሹ እየቆረጠው። «ያማረውን ግን የማያውቀው ሰው እንኳ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። በርሜሏን አታጥፉ።»

«እሺ ከየት ነው ያመጣኸው? አንዴ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ እውነቱን ንገረኝ።»

«በርሜሏ ስትጨርስ እነግርሻለሁ።»

«ውሸታም» አለችው። ቃሉን እየሳቀች ጀመረችው፤ ስትጨርሰው ሳቁ አልነበረም። እሱ ዓይኑን ጨፈነ። ያ ለሱ ያለችው የመጨረሻ ቃል ሆነ።

እና በርሜሏ ትዞራለች። ልጅቷ ሞኝነት መሆኑን ታውቃለች፤ የሞተ ሰው ቀጠሮ አያከብርም። ቢሆንም ያ ግርርር እስካለ ድረስ አባቷ ጓዳ ገብቶ ሥራ ላይ ያለ፣ ገና የሚነግራት ነገር የቀረው ይመስላታል።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ልቅሶው ያደከማት ልጅ ጋደም ባለችበት እንቅልፍ ጣላት። የቀሰቀሳት ዝምታ ነው።

ጫማ ሳታደርግ ወደ ኩሽና ሮጠች። አክስት እጅጌዋን ሰብስባ ማጠቢያው ፊት ቆማለች። በርሜሏ አፏን ከፍታ ወለሉ ላይ ተጋድማለች፤ ገንዳው እስከ አፉ ግራጫ ጭቃ ሞልቷል። ጭቃው ወደ ቧንቧው ወርዶ ወርዶ ቆሟል።

«ቧንቧ ውስጥ ደፋሽው? እቴቴ! እሱ እንኳ ግቢ ነበር የሚደፋው!»

ሹፌሩ ጩኸቱን ሰምቶ አንገቱን በበሩ አስገባ። አንድ ጊዜ ሟች እንዲሁ አድርጎ የሕንጻውን ቧንቧ ደፍኖ፣ ለአከራዩ አዞ ገብቶበት ነው ብሎት ነበር። ሹፌሩ ገንዳውን አየና «አዞው ተመለሰ?» አለ። የሁለቱን ፊት ሲያይ ድምፁን አጥፍቶ ባልዲ ፍለጋ ሄደ።

አክስት አልዞረችም። «አጥቤ መልሼ ልከታቸው ነበር» አለች። «ሰዎቹ ሲሄዱ እመልሳታለሁ ብዬ።» ድምፁ የሷ አይመስልም ነበር። መዳፏን ዘረጋች። ውሃ የጠጣው ድንጋይ ክቦቹን ዘርግቶ፣ ቀዩን መስመር አውጥቶ መዳፏ ላይ ተቀምጧል።

«ይሄን አውቀዋለሁ» አለች።

«ማን የማያውቀው አለ? ስንት ዘመን ሲልሰው...»

«ሲልስማ ፊቴን አዙር ነበር። አንድ ቀን ብቻ ባየው ኖሮ!» ማጠቢያውን ደገፍ አለች። «ወንድምሽን ከወንዙ ሲያወጡት ልብሱን ያወለቅኩለት እኔ ነኝ። እናትሽ አልቻለችም። ኪሱ ውስጥ ነበር፣ እርጥብ እንደሆነ፣ ልክ እንዲህ። ለአባትሽ ሰጠሁት። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ያ ሁሉ አፍ! ኪሱ ውስጥ ከተተው።»

ልጅቷ ታላቅ ወንድሟን የምታውቀው ከግድግዳ ፎቶ ነው። እሱ ሲሰምጥ እሷ ገና አትራመድም ነበር። ቆማ የአባቷን ወሬዎች አንድ በአንድ አስታወሰች። ሐይቅ ነበረባቸው፣ ዝናብ ነበረባቸው፣ ባሕር ነበረባቸው። ወንዝ ግን በአንዱም አልነበረም።

«ሲዞር ያልቃል እንዴ?» አለች አክስት፣ ድንጋዩን ጨበጥ አድርጋ።

«ላዩ ያልቃል። ልጁ በእጁ የነካው እሱ ይሄዳል።» ልጅቷ በርሜሏን ከወለሉ አነሣች። «ለዚህ ነው ሳይከተው የኖረው። መስመሩ ግን ወደ ውስጥ የዘለቀ ነው፣ አይጠፋም።»

«እና ምን ይሁን?»

«ይለቅ። አለዚያ ከኛ በኋላ የሚጠርገው ሰው አይጠፋም።»

ሹፌሩ ጭቃውን በባልዲ እያመላለሰ ግቢ ደፋ። ልጅቷ በርሜሏን አጠበች። አንዲት ሻካራ ቅንጣት ብትቀር የሚመጣውን ልስላሴ ሁሉ ትጭረዋለችና፣ «ትንሽ ብሩሽ እፈልጋለሁ» አለች። አክስት ወጥታ ተመለሰች። የያዘችው የሟችን የጥርስ ብሩሽ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ ብርጭቆ ውስጥ ቆሞ ማንም ሊያነሣው ያልደፈረውን። ልጅቷ ለአፍታ አየችውና ተቀበለች። ድንጋዩን ዞር ዞር እያደረገች ፈገፈገችው፣ ደጋግማ አለቀለቀችው፣ ፎጣ ላይ አስቀመጠችው፤ የለዘበውን ዱቄት ለማምጣት ጓዳ ገባች።

ስትመለስ ድንጋዩ ደርቆ ነበር። አክስት በሁለት እጇ ይዛው ደንግጣ ቆማለች።

«ጠፋ» አለች። «መስመሩ ጠፋ።»

«አልጠፋም፣ እቴቴ። ደርቆ ነው።»

ከሳሎኑ የወንበር መንኳኳት ይሰማል፤ አዲስ ለቀስተኞች ገብተዋል። አክስት ወደ በሩ ገልመጥ አለች። ከሳሎኑ ማንም እንደማያያት ስታረጋግጥ ድንጋዩን ወደ አፏ አስጠጋችና፣ ዓይኗን ጨፍና ላሰችው።