የቀድሞ አማቼ ክርን

እና ደግሞ የቤተሰቡን ነገር ወደ ጎን ትተህ እየው ይለኛል፣ ወደ ጎን፣ ጎኑ የት ነው፣ ልጄን የማስቀምጥበት ጎን ካለ ኬለር ራሱ ያሳየኝ፣ የክለብ ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ ብሎ በልጄ ዕድሜ ያለ ሰው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎኝ ወጣ፣ ኮምፒውተሩን ፊቴ ደቅኖ፣ ስታን፣ እስከ ማታ መልስ እፈልጋለሁ፣ እንደ ወርዋሪዎች አሰልጣኝነትህ ብቻ ንገረኝ፣ እንውሰደው ወይስ እንተወው። እንደ አሰልጣኝነቴ ብቻ። አሰልጣኙ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ አባትየው ውጭ ይጠብቅ።

ዌስ ታልማን። ስሙን ከጠራሁት ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፣ እኛ ቤት ያ ሰውዬ ነው የሚባለው፣ ያ ሰውዬ ደውሎ ነበር፣ ያ ሰውዬ ለልጅቷ ጫማ ልኳል፣ አሁን የሚጫወትባት ፖርትላንድ ልትሸጠው ነው አሉ፣ ገዢው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ እኛ። ቡፋሎ። በዓለም ላይ ቤዝቦል የሚጫወት ሌላ ከተማ የጠፋ ይመስል።

እንደሚያስፈልገን ግን አውቃለሁ፣ እሱን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ አምስት ወርዋሪዎች ተራ ገብተው ነው ጨዋታ የሚጀምሩት፣ የእኛ አንደኛና ሁለተኛ እሳት ናቸው፣ አራተኛና አምስተኛው ሲወረውሩ እኔ መጸለይ ነው፣ መሃል ላይ ያለው ቦታ ሦስተኛው ወርዋሪያችን ትከሻው ከተቀደደ ወዲህ ባዶ ነው፣ ሐምሌ እያለቀ ነው፣ ከነገ በኋላ ተጫዋች መለዋወጥ አይቻልም። ኮከብ አንፈልግም። ስድስት ዙር ወርውሮ፣ ሦስት ነጥብ ተቆጥሮበት፣ ጨዋታውን ሳያበላሽ ላቡን ጠርጎ የሚቀመጥ ሰው ነው የምንፈልገው። ዌስ ማለት ደግሞ ልክ እሱ ነው፣ መካከለኛ፣ በወርዋሪነት የተከበረ ነገር ነው መካከለኛነት፣ ክለቦች ይጣሉበታል፣ በባልነት ግን፣ በባልነት እንኳ መካከለኛ መሆን አቅቶት።

ልጄን ዋንዳን በስልክ ነው የነገራት። ከፖርትላንድ ሆቴል። ልጃቸው ሄዚ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ጉንፋን ይዟት ዋንዳ አቅፋት እየዞረች ነበር፣ የዓመቱ ጨዋታ ሲያልቅ ወደ ቡፋሎ አልመለስም አላት፣ እዚህ ቤት ተከራይቻለሁ አላት። ሌላ ሴት አለች እንዴ ብላ ጠየቀችው፣ የለችም፣ መጠጥ ነው፣ አይደለም፣ ታዲያ ምንድነው ስትለው ምን አለ፣ ደከመኝ። ደከመኝ! በአምስት ቀን አንዴ የሚሠራ ሰው። ሌላ ሴት ብትኖር ኖሮ ቢያንስ የምሰድባት አገኝ ነበር፣ ደከመኝ የሚል ሰው ምን ተብሎ ይሰደባል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስድብ ፈልጌ አጣሁ።

በምትኩ አውሬሊዮን እንሰጣለን። ይሄ ደግሞ አለ። አውሬሊዮ ታችኛው ክለባችን ውስጥ ያለ ፓናማዊ ነው፣ ሃያ ዓመቱ፣ ዱላውን ሲያወናጭፍ ተመልካቹ ቋሊማውን አፉ ጋ አድርሶ መጉረስ ይረሳል፣ እሱን ሰጥተን ያንን ሰውዬ፣ የሚሰማ ጆሮ ካለ ይስማ።

እሺ፣ ቪዲዮውን እንየው። አሰልጣኙ ይይ።

ዘገምተኛዋ ኳስ የእኔ ናት። ጓሮዬ አጥሩ ሥር ነው ያስተማርኩት፣ ገና ለዋንዳ ቀለበት ሳያስር፣ ክንዱ በጣም ፈጣን ኳስ የሚወረውር ይመስላል፣ ኳሷ ግን ቀስ ብላ ትመጣና መቺው ፊት እንደ ደከማት ሴትዮ ቁጭ ትላለች፣ መቺው ዱላውን ቀድሞ አወናጭፎ አየር ይመታል። እያት። እያት እንዴት እንደምትወርድ። ታምራለች፣ የሚያናድደኝ እሱ ነው፣ ጥሎን ሲሄድ ይዟት ሄደ፣ ተንከባክቧትም ነበር።

ቆይ። መልሰው። ክርኑ።

የግንቦቱን ልየው፣ እሺ፣ ክርኑ ከትከሻው ጋር እኩል፣ ጥሩ፣ አሁን የሰኔ መጨረሻ፣ ወርዷል፣ ትንሽ ነው፣ ሁለት ጣት ቢሆን ነው፣ የሐምሌውን ክፈተው፣ ወርዷል፣ ኳሱን ከለቀቀ በኋላም ክንዱን ቶሎ ወደ ደረቱ ይሰበስባል፣ እንደ ተቃጠለ ሰው። ፍጥነቱ አልቀነሰም ይላል ወረቀቱ። የሕክምና መዝገቡ ንጹሕ ነው ይላል። ታዲያ እኔ ምን እያየሁ ነው፣ ክርን ነው የማየው ወይስ ማየት የምፈልገውን፣ ሠላሳ ዓመት በዓይኔ እንጀራ በልቻለሁ፣ አንድም ቀን ዓይኔን ጠርጥሬው አላውቅም፣ ዛሬ ግን እጠረጥረዋለሁ፣ ይኸው ይሄንንም ወሰደብኝ ያ ሰውዬ።

መሄድ አልነበረብኝም፣ የክለብ ምስጢር ነው፣ ግን መኪናው ራሱ ወደ ዋንዳ ቤት ይዞኝ ሄዷል። በረንዳውን ቀለም እየቀባች ነው፣ ፀጉሯ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ሄዚ ጎረቤት ሄዳለች፣ አባዬ ፊትህ ምን ሆነ ትለኛለች፣ ምንም፣ ሙቀቱ ነው። ብሩሹን ታስቀምጣለች። ስለ ዌስ ከሆነ አውቃለሁ ትለኛለች።

ታውቂያለሽ?

ታውቃለች። በጋዜጠኛም በማንም አይደለም፣ ከራሱ ነው የሰማችው፣ ውሉ ላይ አልሄድባቸውም ብሎ የሚመርጣቸው ክለቦች አሉ፣ እኛ ነበርንበት፣ እኔ ስላለሁ ነዋ፣ ባለፈው ሚያዝያ ደውሎ ቡፋሎን ከዝርዝሩ ላውጣት ወይ ብሎ ጠይቋት እሺ ብላዋለች። ሚያዝያ። ከሚያዝያ ጀምሮ በየሳምንቱ ዓርብ እየመጣች ከእኔ ጋር የተጠበሰ ዓሣ ትበላለች፣ ጨው አቀብለኝ ትለኛለች፣ ይህችን አንዲት ነገር ግን አትነግረኝም። እኔን ማን ይጠይቀኝ፣ ክለቡ ማታ መልስ ስጥ ይለኛል፣ እነሱ ከተነጋገሩ ቆይተዋል፣ እኔ ምንድነኝ፣ የበር ዘበኛ።

ልትመለሺለት ነው? እላታለሁ፣ ድምፄ ከፍ ይላል፣ የጎረቤት ውሻ ይጮሃል።

አልመለስለትም አባዬ ትለኛለች፣ ረጋ ብላ፣ እናቷን ነው የምትመስለው እንዲህ ስትረጋ። ለእኔ ባል አልፈልግም። ለእሷ ግን አባት ስልክ ውስጥ የሚኖር ሰው ሆኖባታል፣ ስልኩን ትስመዋለች፣ አንተ አላየሃትም።

ደግሞ ሥዕሉን ልትስልልኝ ትፈልጋለች፣ መጥፎ ሰው እንዳልሆነ፣ ሊጉ እረፍት ላይ ሳለ በዚህ ወር መጥቶ አራት ቀን ሲሰነብት፣ ይህንንም አልሰማሁም፣ ሄዚን እያጠበ ሲያለብሳት እንደነበር፣ ፀጉርሽን ልጎንጉንልሽ ብሎ በቀኝ እጁ ብቻ ሲታገል እንደ መጥረጊያ አድርጎ እንዳበላሸው፣ ልጅቷ በሳቅ መሬት ላይ እንደወደቀች። ዋንዳም እያወራችው ትስቃለች።

በቀኝ እጁ ብቻ? እላታለሁ።

አዎ። ምነው?

ምንም።

ግራኝ ነው። ማንኪያ የሚይዘው በግራ፣ የሚፈርመው በግራ፣ የሚወረውረው በግራ፣ ያ ሰው የልጁን ፀጉር በቀኝ እጁ ብቻ የሚጎነጉነው ግራው ወደ ላይ አልነሳ ሲለው ነው። ዓይኔ ልክ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባል፣ አይለኝም፣ ምክንያቱም አሁን አውቃለሁ፣ ካወቅሁ ደግሞ መናገር አለብኝ፣ ከተናገርኩ አይመጣም፣ ካልመጣ ሄዚ ስልኩን ስትስም ትኖራለች፣ ዝም ካልኩ ደግሞ ክለቤ አውሬሊዮን ሰጥቶ የተሰነጠቀ ክርን ይገዛል።

መኪናው ውስጥ ሆኜ ለኬለር እደውላለሁ። አትውሰደው እለዋለሁ፣ ክርኑ ወርዷል፣ ሕመም እየደበቀ ነው። ከዚያ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ ስታን፣ ይሄ የሚያወራው ክርኑ ነው ወይስ ዋንዳ ናት፣ ይለኛል።

እዚህ ላይ የሄዚን ፀጉር ነገር ብነግረው ያልቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን የአምስት ዓመት ልጅ ሳቋን አምጥቼ በአባቷ ላይ ምስክር አላቆማትም፣ ቡፋሎ ዋንጫ ሳታይ መቶ ዓመት ትኑር። ክርኑ ነው እለዋለሁ። በሐኪም አስመርምረው። ኬለር ጊዜ የለም ይላል፣ ሌሎች ሁለት ክለቦች በር ላይ ቆመዋል፣ መዝገቡ ንጹሕ ነው፣ ስለ ቅንነትህ አመሰግናለሁ ስታን፣ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ይገባኛል! እንደ ታመመ ሰው ያባብለኛል። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ዓይን ዛሬ የተከፋ አማት ዓይን ሆነ።

በማግስቱ ወሰዱት። አውሬሊዮ ደውሎ አመሰገነኝ፣ ምኑን እንዳመሰገነኝ እንጃ፣ እንግሊዝኛው ሲጠፋው ሳቀ።

እና ይኸው መጥቷል። ማሟሟቂያው ሜዳ ላይ አዲሱን መለያችንን ለብሶ ቆሟል፣ ጺሙ ሸበት ጣል አድርጎበታል፣ አሰልጣኝ ይለኛል፣ አሰልጣኝ ብሎ ነው የሚጠራኝ፣ በሠርጉ ቀን እንኳ አሰልጣኝ ነው ያለኝ። ወርውር እለዋለሁ፣ ሰላም ሳልለው። ይወረውራል። አንድ፣ ሌላ፣ ከዚያ ዘገምተኛዋን፣ ኳሷ አፈር ላይ ትወድቃለች፣ ክንዱን ወደ ደረቱ ይሰበስባል። ተቀባዩን ውሃ ጠጣ ብዬ አባርረዋለሁ።

አምጣው እለዋለሁ። ያውቃል። እጅጌውን ይሰበስባል፣ አውራ ጣቴን ክርኑ ውስጥ በኩል ሳሳርፍ ከንፈሩ ይነጣል።

ከመቼ ጀምሮ?

ከሰኔ።

ለማን ነገርክ?

ለማንም።

ጅማቱ ይቀደዳል ይለኛል፣ ዓይኑን ከሣሩ ላይ ሳያነሳ፣ ዛሬ ካልሆነ ነሐሴ ላይ፣ ያውቀዋል፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ዓመት ከምናምን መቀመጥ። የትም ብሆን መቀመጤ አይቀርም አሰልጣኝ፣ የምቀመጠው ሄዚ ትምህርት ቤት የምትጀምርበት ከተማ ይሁን ብዬ ነው። ዋንዳ አታውቅም፣ እሷን እንዳይቆጧት።

ሌባ። ይሄ ሌባ፣ ይሄ ቀጣፊ፣ የአንድን ክለብ ሙሉ ክረምት፣ የአውሬሊዮን ዱላ፣ አንደኛና ሁለተኛው ወርዋሪ ትከሻቸው እስኪገነጠል የሚሸከሙትን ሁሉ ሸጦ የልጁ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚቆምበት ቦታ ገዛበት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ አሁን ገና አባትነት ትዝ አለው፣ በእኛ ኪሳራ፣ ኬለር ደግሞ የሚገባው ነው፣ አይ፣ ማንም አይገባውም፣ ልመታው እፈልጋለሁ፣ እውነቴን ነው፣ በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ እዚህ ሜዳ ላይ።

ዛሬውኑ ለሐኪሙ ትነግረዋለህ እለዋለሁ። በራስህ አፍ። ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።

እሺ አሰልጣኝ።

ኬለር ይጮህብሃል። ከተማው ይሰድብሃል። እኔም አልረዳህም።

አውቃለሁ።

አውቃለሁ ይላል፣ ምን ያውቃል፣ ሦስት ዓመት የፈለግሁትን ስድብ አሁን አግኝቼዋለሁ፣ አፌ ላይ ደርሷል፣ ሙሉውን፣ ከነእናት አባቱ፣ እና አውራ ጣቴ ምን እያደረገ ነው፣ ማን አዘዘው፣ ጅማቱን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ፣ ያበጠችውን ቦታ ያገኛታል፣ ዙሪያዋን ያሻል፣ እሱ ደግሞ ትንፋሹን ውጦ ክንዱን እንዳለ ትቶልኛል።

የሚያምህ ክንድህን ስታነሳው ነው ወይስ ኳሱን ስትለቀው?

ስለቀው።

ክንድህን ዝቅ አድርገው እንግዲህ። አትወጥረው። ዝቅ።