ሰም የተቀባው ችካል

አባዬ አናጺ ነው፤ ያውም ዓይን የማያየውን ሁሉ የሚያለሰልስ አናጺ። የመሳቢያን ጀርባ እንኳ በብርጭቆ ወረቀት ሳያሽ አይለቅም። "ማን ያየዋል?" ሲሉት "እኔ አየዋለሁ" ይላል። በዚህ አመሉ ደንበኞቹ "ነገ ኑ" ሲባሉ ይኖራሉ።

እማዬ ሌላ ፍጥረት ናት። ከመምህርነት ጡረታ ወጥታ አረፈች ስንል፣ ፈጣኑ ባቡር ከቤታችን ጀርባ ያለውን ጥብቅ ደን ሰንጥቆ ሊያልፍ ነው የሚል ወሬ ሰማች። ዕድሜዋን ሙሉ ተማሪዎቿን እያሰለፈች የወፍ ስም ያስተማረችበት ደን ነው። በቃ፣ ዘመቻ ጀመረች፤ ሰፈሩም "ጄኔራሏ" አላት።

ሳሎናችን የጦር ሰፈር ሆነ። ሶፋው ላይ ጎረቤት፣ ጠረጴዛው ላይ ካርታ። አባዬ ከሥራ ሲመለስ መቀመጫ እያጣ በር ላይ ቆሞ ይበላል። አንድ ቀን "ባቡሩ ይሻላል፤ ቢያንስ ወንበር አለው" ብሎ ቀለደ። ከእኔ በቀር የሳቀለት የለም፤ እኔም ወዲያው ተገላመጥኩ።

ታዲያ ቀያሾች መጥተው ደኑ ውስጥ ችካል ተከሉ። ዝናቡ ሰነበተ። ሲያባራ ግማሹ ችካል ተጋድሞ፣ ግማሹ ጎርፍ ወስዶት መንገድ ላይ ተንጋሎ ተገኘ። የባቡሩ መሥሪያ ቤት ጣቱን የቀሰረው እማዬ ላይ ነው። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ችካሉን የነቀሉት እማዬና ጎረቤቶቹ ናቸው ከተባለ አቤቱታቸው ከነጭራሹ አይታይም፤ እማዬም ትከሰሳለች። ስለ መስመሩ የተጠራው ሕዝባዊ ስብሰባ ደግሞ በማግስቱ ነበር።

"ይኸውልህ ነቀልሽ የተባልኩት!" ብላ አንዱን ችካል አባዬ ፊት ወረወረችው። አንስቶ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳበሰና ክው አለ። ምን ሆንክ ብለው "ዝም አይነቅዝም" አለኝ። እኔ ግን አባቴን አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ዝምታው ነቅዞ ነበር።

በአዳራሹ እማዬ ተነሥታ "እኔ አንድም አልነቀልኩም" አለች። ድምፅዋ ሲሰበር ሰምቼ የማውቀው ያኔ ብቻ ነው።

"ታዲያ በራሳቸው ወጡ?" አለ የባቡሩ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ እየሳቀ።

"አዎ" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። አባዬ ነው! በሕዝብ ፊት ከሠርጉ ቀን ወዲህ ተናግሮ አያውቅም፤ ያኔም "እሺ" ብቻ ነው ያለው። "ችካሎቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ።"

እማዬ ዞራ አየችው። እኔን እንደዚያ ብታየኝ ወንበር ሥር እገባ ነበር።

"አንድ ጨዋ ልጅ መጥቶ አዘዘኝ" አለ አባዬ። "እኛ ሰፈር ችካል የሚያዝ ሁሉ ለቲማቲም መደገፊያ ነው፤ ምን ብዬ ልጠይቅ? የቲማቲም ችካል ደግሞ ፍሬው ተለቅሞ ሲያልቅ ሥሩን ሳይጎዳ ሹልክ ብሎ መውጣት አለበት። ስለዚህ አለሰለስኩት፤ ጫፉንም ሰም ቀባሁት። እስቲ ይዳብሱት።"

ሰብሳቢው ዳበሰና ለመሐንዲሱ አቀበለው። መሐንዲሱም ዳበሰ፤ ሳቁን ዋጠ። ያኔ ከዳር የተቀመጠው ቀያሽ አንገቱን ደፍቶ እጁን አወጣ። "ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። ስተክላቸው መዶሻ እንኳ አላስፈለገኝም፤ አፈሩ መልካም ነው ብዬ ተደስቼ ነበር።"

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። አባዬ ላብ አጥምቆት ቆሟል። በዚያች ሰዓት ከሰው ሁሉ አብልጬ ወደድኩት።

ክሱ ቀረ። እማዬ ስለ ደኑ የልቧን ተናገረች፤ መስመሩም በደኑ ፈንታ ማንም በማያርሰው ጠፍ መሬት በኩል እንደገና እንዲጠና ተወሰነ። ጎረቤቱ እልል ሲል እሷ ግን ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ከፊት ከፊት ትገሰግሳለች። አባዬ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ከኋላ ከኋላ ይከተላል።

ቤታችን በር ላይ ቀያሹ እያለከለከ ደረሰብን። "ጋሼ፣ ለአዲሱ መስመር ሌላ ችካል ይሠሩልናል?"

አባዬ እማዬን አየ።

"ሥራላቸው" አለችው። "ለጠፍ መሬቱ ነውና ሻካራ አድርገው።" ከዚያ ቀያሹን ገላምጣ የአባዬን ክንድ ያዘች። "ወደ ደኑ ከተመለሱ ግን ሰሙን እንዳትቆጥብባቸው።"