ስድስት ሁለት ጊዜ የወጣ ዕለት

ሳርሚላ ጎረቤቴ ናት፤ እዚህ ኔፓል፣ ታንሴን ከተማ ሕፃናት ታስተምራለች። የዘንድሮውን የኮምፒውተር ፈተና ካላለፈች ቦታዋ ለሌላ እንደሚሰጥ ተነግሯታል። እንደ ታላቅ ወንድም ስለምታየኝ "ዳይ" ትለኛለች። ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ ከሃያ ዓመት በፊት የስድስት ወር ስልጠና ስለወሰድኩ የሰፈሩ አዋቂ እኔ ነኝ። አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል።

ከፈተናው በፊት በነበረው ቅዳሜ የሠራችውን ፕሮግራም አሳየችኝ። የቁጥር አካፋዮችን ይፈልጋል፤ ከአንድ ጀምሮ እስከ ቁጥሩ ድረስ አንድ በአንድ እየሞከረ። የስልክ ቁጥሬን አስገባሁበት። ምድጃ ላይ የጣደችው ምስር በስሎ ወረደ፣ እሱ ገና እየሞከረ ነው።

"አንቺ ጡረታ እስክትወጪ ይቆጥራል ይሄ" አልኳት።

ሳቀች፤ ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም።

ያኔ ነው እጄን ያስገባሁት። ለምሳሌ ሁለት ስልሳን ካካፈለ ሠላሳም አብሮ ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ ጥንድ ጥንዱን እየጻፈ፣ የሚሞክረው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የተሰጠውን ቁጥር ሲያልፍ እንዲያቆም አራት መስመር ለወጥኩ። በስልሳና በሰማንያ አራት ሞከርነው፤ ወዲያው ጨረሰ። እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ዳይሽ እያለሁ ምን አስጨነቀሽ፣ ዝም ብለሽ ገልብጪው አልኳት። ፈታኙ የሚያየው በእጅ የተጻፈ ደብተር ነውና የራሷን ገጽ ቀድዳ የኔን ጻፈች።

በፈተናው ቀን ፈታኙ ሠላሳ ስድስትን ሰጣት። ደብተሯን ተከትላ ስታሰላው ስድስት ሁለት ጊዜ ወጣ። ለምን ሲላት ያንኑ መስመር ደግማ አነበበችለት። የሌላ ሰው ሥራ ነው ብሎ ደብተሩን ዘጋባት።

ከዚያ በቀጥታ ሱቄ መጣች። ይቅርታ የጠየቀችው ደግሞ እሷ ናት።

"ዳይ፣ ስገለብጥ አበላሽቼው ነው መሰለኝ። አሳፈርኩህ።"

ደብተሩን አየሁት። አንዲት ነጥብ አልሳተችም። ስድስት በስድስት ሲባዛ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ጥንዱ ራሱ ሲሆን አንዴ ብቻ ጻፍ ማለትን የረሳሁት እኔ። ሁለት ደንበኞች ቆመው ይሰማሉ። እስኪሄዱ ልጠብቅ አልኩና አፈርኩ።

"ስህተቱ የኔ ነው" አልኳት። "ያንቺ ቢዘገይም ትክክል ነበር።"

አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"መጀመሪያ አስረዳኝ። ነገ ደግሞ ይህንኑ ፈታኙ ፊት ትደግመዋለህ።"

በማግስቱ ፈታኙ አዳመጠኝና ሌላ ቁጥር ሰጥቶ እንደገና ለፈተና አስቀመጣት፤ እኔን ውጭ ጠብቅ አለኝ። አለፈች። እሱን አመሰገነችው፣ እኔን አልፋኝ ሄደች። ቁልቁለቱን ስንወርድ ከፊት ከፊቴ ትሄድ ነበር። ልደርስባት አልሞከርኩም።